በእጣቢው ቱቦ የገባው

ይህን የምጽፈው እናቴ፣ ባለቤቴና እኔ በአንድ ሌሊት አብረን ከመሞት ስለተረፍን ነው። ያተረፈን እግዚአብሔር ነው፤ ምክንያት የሆነችን ደግሞ እናቴ። የሆነው አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ፣ እንደ ቤት በተሠራ ቫን ውስጥ ነው። ቫን የሌለው ሰው ይህ እኔን አይመለከተኝም እንዳይል እፈልጋለሁ። ሊገድለን የነበረው ነገር በዝግ ክፍል ከሰል የሚያነድና በበረንዳው ጄኔሬተር የሚያስነሳ ሰው ሁሉ ቤት አጠገብ አለ። ስለዚህ እንደሆነው በቅደም ተከተሉ እናገራለሁ።

የምንኖረው ከዴንቨር ጋር በተያያዘችው በኦሮራ ነው፤ አበሻ የበዛበት ከተማ ነው። ቫኑን ያገለገለ ሆኖ ገዛነው። የቀድሞው ባለቤት ከኋላ ከፍ ያለ አልጋ፣ በጎን ሰው የሚተኛበት አግዳሚ፣ በሩ አጠገብ ደግሞ ትንሽ ሲንክ ሠርቶለት ነበር። በናፍጣ የሚሠራ ማሞቂያም ነበረው። ይህ ማሞቂያ የሚያነደውን አየር ከመኪናው ሥር ይስባል፤ ጭሱንም በትንሽ ማርሚታ መልሶ ከመኪናው ሥር ይለቃል። ወደ ውስጥ የሚገባው ሙቀቱ ብቻ ነው። እሳቱና ሰው አይገናኙም።

እንዲህ ባለ መኪና ውስጥ የሚያስቸግረው ንጹሕ ውሃ ማግኘት ሳይሆን እጣቢውን ማስወገድ ነው። ቤት ውስጥ ሲንክ ላይ የደፋነው ወዴት እንደሄደ አንጠይቅም። ቫን ውስጥ ግን የደፋሁት ሁሉ ወለሉ ሥር ባለ ታንከር ተጠራቅሞ እኔኑ ይጠብቀኛል። ዘይትና ፍርፋሪ ስላለበት ካደረ ይሸታል፤ ወጥ የተበላበት ሰሐን የታጠበበት ከሆነማ አይጣል ነው። ሜዳ ላይ እንዳይደፋ ደግሞ ሕግ አለ። በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች የመኪና እጣቢ ከተመደበለት ማፍሰሻ ውጪ ማፍሰስ ያስቀጣል። ሕጉ ባይኖር እንኳ በኮሎራዶ ተራሮች ድብ አለ፤ የምግብ ሽታ እስከ በር ያመጣዋል።

የእኛ ታንከር ከዚያ በፊት በነበረው የበረዶ ወቅት ተሰነጠቀ። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ የታሰረበትን ፕላስቲክ ይተረትረዋል። እንዲህ ያሉ መኪኖችን ወደሚጠግን ጋራዥ ወሰድነው። ሠራተኛው ታንከሩን ፈትቶ ጣለውና ከሲንኩ ሥር ቀጥ ያለ ጎማ በወለሉ አሳልፎ ወደ ውጭ ለቀቀው። «ስትቆሙ ከሥሩ ባልዲ አድርጉ፤ ሲሞላ ወስዳችሁ ድፉ» አለን። የታንከሩ ሽታ በዚያው ቀን ጠፋ። ደስ አለን።

ጎማው ሲፎን አልነበረውም። ሲፎን በየቤታችን ሲንክ ሥር ያለው የታጠፈ ቱቦ ነው። በእጥፋቱ ውስጥ ሁልጊዜ ትንሽ ውሃ ይቀራል፤ ከታች የሚመጣውን አየር የሚያግደው ያ ውሃ ነው። አሌክሳንደር ካሚንግ የተባለ ስኮትላንዳዊ የሰዓት ሠሪ ይህን እጥፋት ለመጸዳጃ ቤት አድርጎ በፓተንት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1775 ነው። ቀላል ነገር ነው፤ ዋጋውም ጥቂት ነው። ጋራዡ የሠራልን ቱቦ ግን ከመኪናው ሆድ እስከ መኝታችን ምንም ሳይጋረድበት ክፍት ነበር።

እናቴ ከደብረ ብርሃን የመጣችው ክረምት ላይ ነው። ጉልበቷን ስለሚያማት ረጅም መንገድ መቀመጥ አትችልም፤ ቫኑ ውስጥ ግን ጋደም ትላለች። መስከረም ሊያልቅ ሲል ተራራውን እናሳያት ብለን ወደ ሌድቪል ወጣን። በዚያ ወቅት አስፐን የሚባለው ዛፍ ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል። እናቴ በመስኮቱ አይታ «አደይ ዛፍ ላይ ወጣ» አለች። የኮሎራዶ ትልቁ ተራራ ኤልበርት ከፊታችን ነበር፤ 4,401 ሜትር ነው። ከራስ ዳሽን እንደሚያንስ ስነግራት «ታዲያ ይህን ሊያሳዩኝ ነው ያመጡኝ?» ብላ ሳቀችብን።

ከከተማዋ ወጣ ብሎ ባለ የካምፕ ሥፍራ ቆምን። ሌድቪል ራሷ 3,094 ሜትር ላይ ናት። ከእኛ ሌላ አንድ የአዛውንት ባልና ሚስት ቫን ብቻ ነበር። ባልዲውን ከጎማው ሥር አደረግሁ። እራት በልተን፣ ቡና ተፈልቶ፣ ባለቤቴ ሰሐኑንና ሲኒውን አጠበች። እናቴ እጣቢው ወደ ውጭ ሲወርድ ሰማችና በስመ አብ አለች፤ አገር ቤትም እጣቢ በምሽት ሲደፋ ሳትል አታልፍም። ከዚያ መስኮቶቹን ዘጋን፣ ማሞቂያውን አበራን፣ እንፋሎቱ ግድግዳው ላይ ውሃ እንዳይሆን የጣሪያውን ቬንቲሌተር በዝግታ እንዲያወጣ አደረግን። በእንዲህ ያለ መኪና የሚያድር ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው። እናቴ ሲንኩ አጠገብ ባለው አግዳሚ፣ እኔና ባለቤቴ ከኋላ ባለው ከፍ ያለ አልጋ ተኛን።

ሌሊቱን በረዶ ጣለ። ነፋሱ በረዶውን እየገፋ በመኪናው ጎንና ጎን ከመረው። ይህን ያወቅነው በኋላ ነው።

እናቴ ንጋት ሳይቃረብ ለጸሎት ትነሳለች፤ ሲያማትም አታስታጉልም። ያን ሌሊትም ተነሳች። ለመቆም ስትሞክር ግን ጉልበቷ ከዳትና የሲንኩን ጠርዝ ይዛ መልሳ ተቀመጠች። አንድ ሲኒ ወለሉ ላይ ወድቆ ተሰበረ። የነቃሁት በዚያ ድምፅ ነው።

«እማዬ፣ ምን ሆንሽ?»

«ራሴን» አለች። «ራሴን አመመኝ።»

እኔንም አሞኝ ነበር። ያቅለሸልሸኝም ነበር። ምክንያቱን ደግሞ ሳልጠየቅ አውቀው ነበር፤ ከፍታው ነው። ወደ ከፍታ በአንድ ቀን የወጣ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ሆዱ ይረበሻል፣ ይደክመዋል። ይህን በኮሎራዶ የሚኖር ሁሉ ያውቃል። ከሰልም ሆነ ናፍጣ በደንብ ሳይነድ ሲቀር የሚወጣውን መርዘኛ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ የተነፈሰ ሰውም ራሱን ያመዋል፣ ሆዱ ይረበሻል፣ ይደክመዋል። ሁለቱን በምልክታቸው ብቻ መለየት ለሐኪምም ቀላል አይደለም።

«ቦታው ከፍ ያለ ስለሆነ ነው፣ እማዬ። ውሃ ጠጪና ጋደም በይ። ሲነጋ እንወርዳለን።»

ጥቂት ዝም አለች። ከዚያ ቃሏን እየጎተተች ተናገረች።

«እኔ ቆላ ነው ያደግሁት? ይሄ የከሰል ነው።»

«እዚህ ከሰል የለም፣ እማዬ።»

«ከሰሉንማ አላየሁትም። ራሴን ግን አውቀዋለሁ። እንዲህ ግንባሬን ሰቅዞ ይዞ፣ ጆሮዬን እያስጮኸ፣ ጉልበቴን ሲፈታው አውቀዋለሁ። የከሰል ነው። በሩን ክፈተው።»

እናቴ ይህን የምትለው ከወሬ አይደለም። ደብረ ብርሃን ብርድ ናት፤ ከ2,700 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት። እኔ ልጅ ሳለሁ፣ በኅዳር ብርድ፣ እሷና ታናሽ እህቷ ገና በደንብ ያልነደደ ከሰል ቤት አስገብተው፣ በር ዘግተው ተኙ። ጎረቤት በሩን ሰብሮ አወጣቸው። ሁለቱም ግቢው ውስጥ ሣር ላይ ተዘርግተው፣ ሴቶቹ ፊታቸውን በውሃ ሲያርሱ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ቤታችን ከሰል የሚገባው ውጭ ፍም ከሆነ በኋላ ነው፤ የመኝታ ሰዓት ሲደርስ ደግሞ ፍምም ቢሆን ይወጣል። በዚህ ላይ ከእናቴ ጋር መከራከር አይቻልም ነበር።

እኔ ግን ያን ሌሊት የምከራከርበት ነበረኝ። እሳት ውስጥ የለም። ማሞቂያው የሚያነደው የውጭውን አየር ነው፣ ጭሱም ወደ ውጭ ነው የሚሄደው። መስኮት የተዘጋው ጭስ ስለሌለ ነው። ውጭው በረዶ ነው፣ በሩ ቢከፈት አሮጊት እናቴን ብርድ ይመታብኛል። ይህን ሁሉ በልቤ ደርድሬዋለሁ፤ አንዱም ሐሰት አልነበረም።

«በሩን ክፈተው አልኩህ፣ ልጄ።»

ሁለተኛ ጊዜ ተናገረች። ያመንኳት አይመስለኝም። የተነሳሁት እናት ሁለት ጊዜ ስላዘዘች ነው፤ ከፍቼ፣ ቀዝቃዛ አየር አስገብቼ፣ ልቧ ሲያርፍ መልሼ ልዘጋው ነበር። ከአልጋው ወርጄ እግሬን ስተክል እግሬ አልያዘኝም። በእጄና በጉልበቴ ወለሉ ላይ ቀረሁ። በሩ ከእኔ ሁለት እርምጃ አይርቅም። ወዴት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሰውነቴን ወደዚያ ማዘዝ ግን አቃተኝ። ነገሩ ከፍታ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ እዚያ ወለል ላይ ነው። ያን ጊዜ ባለቤቴን በስሟ ጠራኋት። አልመለሰችም። ደግሜ ጠራኋት። ፈራሁ።

እየዳህኩ ደረስኩና እጀታውን ሳብኩት። በሩ ከበረዶው ጋር ታግሎ ተንሸራተተ። አየሩ ሲገባ እናቴ ጋቢዋን ይዛ ራሷን ወደ ደረጃው አስጠጋች፤ ሳላግዛት ነው ይህን ያደረገችው። ከበሩ ጥቂት ከተነፈስኩ በኋላ ተመልሼ ባለቤቴን በብርድ ልብሷ ጎተትኳት። በረዶው ላይ ስትደርስ ዓይኗን ከፈተች፤ አስመለሳት። አዛውንቶቹ ጩኸታችንን ሰምተው መብራት ይዘው ወጡ። ሰውዬው 911 ደወለ። ሴቲቱ ወደ ራሳቸው መኪና አስገብታ፣ ያላትን ብርድ ልብስ ሁሉ አልብሳን፣ መስኮቱን ክፍት አድርጋ ከእኛ ጋር ተቀመጠች። ስማቸውን ሳንጠይቅ ተለያየን። ባሉበት እግዚአብሔር ይስጣቸው።

የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከአምቡላንሱ ጋር መጡ። አንዱ መለኪያ ይዞ ወደ ቫኑ ገባ። በሩ ተከፍቶ ስለቆየ ቁጥሩ እየወረደ ነበር፤ ማሞቂያው ግን ገና አልጠፋም። መለኪያውን ሲንኩ ቀዳዳ ላይ ሲያስጠጋው ቁጥሩ ተመልሶ ወጣ። አንሥቶ ደግሞ አስጠጋው፤ እንደገና ወጣ። ማሞቂያውን አጥፍቶ ሲመጣ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ጥያቄ «የእጣቢው ቱቦ ወዴት ነው የሚሄደው?» የሚል ነበር።

አምቡላንሱ ውስጥ የእናቴ ጣት ላይ የኦክስጅን መለኪያ ሰኩ። ቁጥሩ ደህና ነው ይል ነበር። ባለሙያዋ ግን አላመነችውም። ያ ትንሽ መሣሪያ ደም ውስጥ ኦክስጅን የተሸከመውንና ካርቦን ሞኖክሳይድ የተሸከመውን አይለይም፤ ሰው እየታፈነም ደህና ነው ሊል ይችላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚቀመጥበትን ቦታ ይይዛል፤ የሚይዘውም ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ነው። እንዲሁ አየር ብንተነፍስ ግማሹ እስኪወጣ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ንጹሕ ኦክስጅን በጭምብል ሲሰጥ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ወዲያው ለሦስታችንም ጭምብል አደረጉልን፤ ሆስፒታል ስንደርስም ደም ወስደው በትክክለኛው ምርመራ አዩት። ከሦስታችን የእናቴ ይበልጥ ነበር፤ ቀዳዳው አጠገብ የተኛችው እሷ ናት።

እናቴ ጭምብሉን አድርጋ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ያቋረጠችውን ጸሎት ነው። ነርሷ ስትጠይቀኝ ነገርኳት። ከዚያ በኋላ እስክትጨርስ ድረስ ማንም አላናገራትም።

እንዴት እንደሆነ ያስረዳኝ ያው የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነው፤ ፈረቃው ሲያልቅ ሊጠይቀን መጥቶ ነበር። ከፍታው ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ የናፍጣው ማሞቂያ ነዳጁን በደንብ አያነደውም፤ ጥላሸትና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይጨምራል። በረዶው በጎንና በጎን ሲከመር የመኪናው ሥር ተዘጋ፤ ማርሚታው የለቀቀው ጭስ መውጫ አጥቶ እዚያው ቀረ። ማሞቂያው የሚያነደውን አየር የሚስበውም ከዚያው ስለሆነ የራሱን ጭስ መልሶ ይስብ ጀመር፤ ቃጠሎው የባሰ ተበላሸ። ከላይ ደግሞ የጣሪያው ቬንቲሌተር አየር ያወጣል። መስኮቶቹ ዝግ ናቸው። የወጣው አየር በአንድ በኩል መተካት አለበት፤ ክፍት የነበረው የሲንኩ ጎማ ብቻ ነው፣ ጫፉም ያለው ጭሱ መካከል ነው። እጣቢው የወረደበት መንገድ ጭሱ የወጣበት ሆነ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም መልክም የለውም፤ የናፍጣው ጭስ ሽታ ቢኖርም አፍንጫ በእንቅልፍ አይነቃም።

ቫኑ ውስጥ ማንቂያ ደወል ነበረ። ወለሉ አጠገብ የተሰካ፣ ለቡታጋዙ ሲሊንደር የተሠራ ነው። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ማንቂያው ዝቅ ብሎ ይሰቀላል። ካርቦን ሞኖክሳይድን ግን አያውቀውም። አረንጓዴ መብራቱ ሌሊቱን ሙሉ እየበራ ነበር።

በዚያው ቀን ማታ ከሆስፒታል ወጣን። ሐኪሙ አንድ ነገር አጥብቆ ነገረን፤ ሰው ድኗል ተብሎ ከወጣ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ መርሳት፣ የጠባይ መለወጥ፣ የአካሄድ መዛባት ሊመጣ ይችላል። እናቴን በየጠዋቱ ዳዊት ስትደግም እየሰማሁ ተከታተልኳት። አንድም መስመር አልሳተችም። ተመስገን።

ቫኑን አልሸጥነውም። ብዙ ሰው ለምን ይለናል። በወለሉ የወጣውን ጎማ አስነቅለን ቀዳዳውን አስደፈንነው። አሁን እጣቢው የሚወርደው ሲንኩ ሥር፣ መኪናው ውስጥ ባለ ክዳኑ የጠበቀ ጀሪካን ውስጥ ነው። በመካከል ያለው ሲፎን ውሃ የማይፈልግ ዓይነት ነው፤ ውስጡ ያለው ለስላሳ ጎማ ውሃ ሲወርድ ይከፈታል፣ ሲያበቃ ራሱ ይገጥማል። የታጠፈው ሲፎን ለቤት ጥሩ ነው፤ መኪና ውስጥ ግን ውሃው በመንገዱ መንቀጥቀጥ ይደፋል፣ ሳይነዳ ከቆመም ይደርቃል። ጀሪካኑ ትንሽ ነው፤ ትንሽ መሆኑን ወድጄዋለሁ፣ ሳያድር እንድደፋው ያስገድደኛል። ሰሐኑ ከመታጠቡ በፊት ወጡ በወረቀት ይጠረጋል፤ አተላው ወደ ቆሻሻ ከረጢት እንጂ ወደ ሲንክ አይሄድም። እንዲህ ቢደረግ ኖሮ ያ ሁሉ ሽታ ከመጀመሪያውም አይኖርም ነበር። የማሞቂያውን ማርሚታ እስከ መኪናው ጠርዝ አስረዘምነው፤ በረዶ ሲጥል እየወጣሁ ዙሪያውን አያለሁ። ቬንቲሌተሩ ሲዞር አንድ መስኮት ሁልጊዜ ገርበብ ይላል።

የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያም ከመኝታችን አጠገብ ሰቀልን። ዋጋው ከአንድ ታንክ ነዳጅ ያነሰ ነው። በአሜሪካው ደረጃ መሠረት አየሩ ውስጥ ከሚሊዮን 400 እጅ ሲደርስ ከ4 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ መጮህ አለበት፤ 70 ብቻ ከሆነ ግን ከ1 እስከ 4 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ራስ ምታት ቀድሞ ከመጣ ደወሉን መጠበቅ አያስፈልግም። ብዙዎቹ ከ5 እስከ 10 ዓመት ያገለግላሉ፤ ቀኑ ከጀርባቸው ተጽፏል።

እናቴ ኅዳር ላይ ተመለሰች። ሻንጣዋ ውስጥ በባትሪ የሚሠሩ ሁለት ማንቂያዎች ከተትንላት፤ አንዱ ለእሷ፣ አንዱ ለአክስቴ። ጥር ላይ ስደውልላት ተቆጥታ ጠበቀችኝ።

«ያ የሰጠኸኝ ዕቃ ትናንት በሰው ፊት አዋረደኝ» አለች። ቡና ተፈልቶ፣ እንግዶች ተቀምጠው፣ ልጅቷ ማንደጃውን ገና ጭሱ ሳያልቅ ስታስገባው ጮኸ። እንግዶቹ ደንግጠው ተነሱ።

«ታዲያ ምን አደረጋችሁ?»

«ምን እናደርጋለን፤ ከሰሉን አስወጥቼ በረንዳ ላይ አጠጣኋቸው። በዚያ ብርድ! ተሳሳቁብኝ።»

አክስቴ የእሷን ገና ከካርቶኑ አላወጣችውም። ለፋሲካ ስሄድ እሰቅልላታለሁ።